ሁለት እኩል እጅጌ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሶዶ ገበያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰው ትከሻና ወገብ ስለካ ነው የምውለው። ሜትሬ ከአንገቴ የሚወርደው ስተኛ ብቻ ነው። ደንበኞቼ ጠባዬን ያውቁታል፤ «አስቴር፣ ትንሽ ጠበብ አድርጊው» ሲሉኝ «ትንሽ የሚባል ቁጥር የለም፤ ስንት ላጥብበው?» ብዬ የምጨቃጨቅ ሴት ነኝ። ይኸው እኔው በገዛ ሆዴ አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ ተሳሳትኩ። ስሕተቱ ልጄን ሊያሳጣኝ ትንሽ ነበር የቀረው። እንደኔ የምትቆጥር ሴት ብዙ እንዳለች ኋላ ስለገባኝ ነው ደፍሬ የምጽፈው። ሐኪም አይደለሁም፤ የደረሰብኝን ብቻ ነው የማወራው።

በመጀመሪያ ስለ ምሕረት ልንገራችሁ፤ ያለሷ ፍርሃቴ አይገባችሁም። ምሕረት የበኩር ልጄ ናት። የወለድኳት በዴሳ ከተማ፣ የባለቤቴ የታደሰ እናት ቤት ነው። እናቴ በሕይወት ስላልነበረች አራስነቴን አማቴ ዘንድ ላሳልፍ ብዬ እንደሄድኩ እዚያው ምጥ ያዘኝ። ሁለት ቀን አማጥኩ። ጭንቅላቷ ወጥቶ ትከሻዋ አልወጣም አለ። አዋላጇ ሴትዮ የምታውቀውን አደረገች፤ ያዘችና ጎተተች። ልጄ በሕይወት ወጣች፣ ተመስገን። ጎረቤቱ ሁሉ «ይቺ የሦስት ወር ልጅ ናት እንጂ ዛሬ የተወለደች አይደለችም!» እያለ ትልቅነቷን ሲያደንቅ፣ እኔ ቀኝ እጇን ነበር የማየው። ግራው ይወራጫል፤ ቀኙ ዝም ብሏል።

በቅቤ አሸናት፣ ጠበል ወሰድናት። ኋላ ሶዶ ላይ ያየልን ሐኪም፣ ስትጎተት ከአንገት ወደ ክንድ የሚሄደው ነርቭ ተጎድቷል አለን። ከዓመት ዓመት እየተሻላት ሄደ። ግን ያ እጅ ከትከሻዋ በላይ አይነሳም፤ ከግራውም ትንሽ አጠረ። ለልጄ በጭንቅላት የሚጠለቅ ልብስ ሰፍቼላት አላውቅም። ሁሉም ከፊት የሚከፈት ነው፤ የቀኙንም እጅጌ በሁለት ጣት አሳጥረዋለሁ። አዋላጇን አልወቅሳትም፤ እሷ ባትጎትት ምሕረት አትኖርም ነበር።

ሁለተኛውን ሳረግዝ ምሕረት ስድስት ዓመት ሞልቷታል። የሚሊኒየሙ ግርግር አልፎ፣ ባጃጅ ሶዶ ውስጥ እንደ አሸን በፈላበት ሰሞን ነው። አንድ ጠዋት የጨርቅ ሽታ አስጠላኝ። እንግዲህ አስቡት፣ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ሲያስጠላት! ራሴን ያዞረኝ ጀመር፤ ምግብ ከአፌ አልገባ አለ። አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ፤ «ታይፎይድ ነው» አሉኝ። በዚያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ታይፎይድ የሌለበት ሰው አልነበረም፤ ጥርሱን ያመመውም ሲመረመር ታይፎይድ ይገኝበታል። ኪኒኑን ጨርሼ ማቅለሽለሹ ባሰብኝ። የጽዋ ማኅበራችን መሪ፣ ሙሴ የምንላቸው፣ እትዬ በላይነሽ ሊጠይቁኝ መጥተው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

«አስቱዬ፣ ያንቺስ ታይፎይድ ክርስትና ሳይነሳ አይቀርም» አሉኝ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ልክ ነበሩ። እዚያ ካርድ የምትሞላው ሲስተር የቦዲቲ ልጅ ናት፤ ፈጣን፣ ሰው የማታመናጭቅ። «የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?» ስትለኝ እኔ ለመመለስ አንድ ሰከንድ አልፈጀብኝም።

«የጥቅምት ሚካኤል ዕለት» አልኩ።

ለምን እንዲህ እርግጠኛ እንደሆንኩ ልንገራችሁ። የሚካኤል ማኅበር አለን፤ በየወሩ በአሥራ ሁለት በተራ እየደገስን ጽዋ እንጠጣለን። ጥቅምት የእኔ ተራ ነበር። ጠላውን ጠምቄ፣ ዳቦውን ጋግሬ፣ ቤቱን አሰናድቼ ሳበቃ ጠዋት የወር አበባዬ መጣ። በእኛ ሥርዓት ሴት በዚያ ሁኔታ ጽዋ አትነካም። የደገስኩት እኔ፣ ጽዋውን ያነሱት እትዬ በላይነሽ ሆኑና እኔ በገዛ ቤቴ እንደ እንግዳ ጥግ ይዤ ዋልኩ። ይህ ይረሳል? ሲስተሯም «አሥራ ሁለት» ብላ ጻፈች። ደምራ ቀንሳ፣ «ሐምሌ ሃያ ሁለት አካባቢ ትወልጃለሽ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር ሆዴን በሜትር ይለኩኛል። አንድ ቀን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝና፣

«ሲስተር፣ ይሄ ሜትር ተለጥጧል፤ ይቀየር» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ለሁሉም ነገር!» ብላ ሳቀች። በሚቀጥለው ወር የራሴን አዲስ ሜትር ወስጄ ሰጠኋት። ቤትም ቅዳሜ ቅዳሜ ራሴን እየለካሁ፣ ልብስ በማሰምርበት ጠመኔ ግድግዳው ላይ እጽፍ ነበር። ቁጥሩ በጣም ቶሎ ቶሎ ይጨምራል። ልጁ ግን መንቀሳቀስ የጀመረው በካርዱ ስሌት ዘግይቶ ነው። ምሕረት ሆዴ ውስጥ ቀደም ብላ ነበር የተራገጠችው፤ ስለዚህ ይሄኛውን «ሰነፍ» አልኩት። ያልደረሰበትን ጊዜ ነበር የምጠይቀው፤ ኋላ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

በሰባተኛው ወር ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ያየኝ ጀመር። አንድ ክሊኒክ የሚሠራ ሰው ሆዴን ዳብሶ «መንታ ነው» አለ። ታደሰ እሱን ሰምቶ ሁለት ፎጣ፣ ሁለት ባርኔጣ፣ ሁለት ጡጦ ይዞ ገባ። ሌላ ቦታ ደግሞ «ልጁ ደህና ነው፣ የሽርት ውሃው በዝቶ ነው» ተባልኩ። አማቴ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ከበዴሳ በሚኒባስ ከች አሉ፤ በአንድ እጃቸው የቅቤ ቅል፣ በሌላው የማር። ከቆጮ፣ ከሥጋና ከቅቤ የሚሠራውን ሙቹዋ እየሠሩ «ብይ! ትልቅ ልጅ በረከት ነው» ይሉኛል። እበላለሁ። ግን ዓይኔ ምሕረት ላይ ነው።

በመጨረሻ ሲስተሯ ራሷ፣ «በእኔ አቅም አይሆንም፤ ያለፈው ወሊድሽም ያሰጋል» ብላ ወደ ሆስፒታል ወረቀት ጻፈችልኝ። ሰኔ ማለቂያ ነው፤ ዝናቡ ዳሞታ ተራራን ሸፍኖ መንገዱ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ ወረፋ ጠበቅኩ። አግዳሚው ወንበር ለእኔ አልበቃም፤ ማለቴ እኔ በዛሁበት። አጠገቤ ከሁምቦ ወረዳ፣ ተበላ ከምትባለው ከተማ የመጣች ልጅ እግር ሴት ተቀምጣለች። ልጇ ጊዜው ሳይደርስ ተወልዶ ውስጥ ተኝቷል። በበሩ ስንጥቅ አሳየችኝ፤ እንደ ጫጩት ያለ ነገር፣ ደረቱ እየተሰረጎደ ለትንፋሽ ይታገላል። «እየቆጠርኩለት ነው» አለችኝ፤ ትንፋሹን ማለቷ ነው። እጇን ያዝኩ። ስሜ ተጠራና ገባሁ።

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ መነጽሩን እየጠራረገ ረጋ ብሎ ይናገራል። በአልትራሳውንድ አይቶ፣ «አንድ ልጅ ነው። ውሃውም ልክ ነው። ልጁ ነው ትልቁ» አለኝ። የደም ስኳር አስመረመረኝ፤ ስኳር ያለባት እናት ልጅ ይፋፋል ብሎ ነው። ደህና ነበርኩ። ከዚያ ምሕረትን አስገቡ አለ፤ ይዣት ነበር። «እስቲ ሁለት እጅሽን ወደ ላይ» አላት። ግራው ወጣ፤ ቀኙ ደረት ላይ ቀረ። እሷን ከረሜላ ሰጥቶ አስወጣትና ለእኔ ሦስት መንገድ አስረዳኝ።

አንደኛው ምጡ በራሱ እስኪመጣ መጠበቅ ነው፤ ልጁ ግን በየሳምንቱ ይጨምራል፤ ትከሻው እንደ እህቱ ሊያዝ ይችላል። ሁለተኛው ቀኑ ሳይደርስ ትንሽ ቀደም ብሎ በመድኃኒት ምጥ ማምጣት ነው፤ ኢንዳክሽን ይሉታል። ሦስተኛው ኦፕራሲዮን ነው፤ እሱም የራሱ ጉዳት አለው። «እውነቱን ልንገርሽ» አለኝ፣ «ማሽኑ ይገምታል እንጂ አይመዝንም። ሊሳሳት ይችላል። ላንቺ ግን፣ ካለፈው ታሪክሽ ጋር፣ ቀደም ብለን ብናዋልድሽ ይሻላል ባይ ነኝ። ሐምሌ ስምንት እናድርገው። ከዚያ ካስቀደምን ሳንባው አይደርስም፤ ስለዚህ ቀኑ ወሳኝ ነው። የወር አበባሽን ቀን እርግጠኛ ነሽ?»

«በሚካኤል!» አልኩት።

ቤት ስገባ ክብደት ከላዬ የወረደ መሰለኝ። ሐምሌ ስምንት! አማቴ ግን ተቆጡ። «ገና ያልመጣውን ልጅ በመድኃኒት እያባረሩ ሊያስወጡት? እኔ ሰባት ስወልድ ማን ቀን ቆረጠልኝ?» አሉ።

«እማማ፣ ምሕረትን አይዋትም እንዴ?» አልኳቸው። እንደዚያ መናገር አልነበረብኝም። ፊታቸው ተለዋወጠና ወደ ጓዳ ገቡ፤ ሁለት ቀን ከ«ብይ» በቀር አላናገሩኝም። ታደሰን «አንተስ ምን ትላለህ?» ስለው «አንቺ ያልሽው» ይላል። አንቺ ያልሽው ማለት ደግሞ መልስ ነው? እሱም ፈርቶ ነው፤ ወንድ ልጅ ሲፈራ ጣሪያ ይጠግናል፤ በዚያ ዝናብ ጣሪያው ላይ ነው የከረመው።

ሐምሌ አምስት ቀን እትዬ በላይነሽ ሊጠይቁኝ መጡ። እኔ ለልጁ የመጀመሪያ ሸሚዙን እየቆረጥኩ ነበር። ስለ ማኅበሩ ያወሩ ያወሩና ሳቅ አሉ።

«መቼም እንዳንቺ ያለ የለም። ሚካኤልን አማኑኤል ዕለት ያጠጣሽን አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እንዴት?» አልኩ።

«ውይ ረሳሽው? የማኅበርተኛችን የዘውዴ አባት አርፈው ሁላችንም ለቅሶ አልነበርን እንዴ! ለቅሶው ይውጣ ብለን ድግስሽን ያዘዋወርነው? ጥቅምት ሃያ ስምንት ነው የጠጣነው። ጽዋውንም እኔው አነሳሁልሽ፤ አንቺ ጥግ ይዘሽ እንደ ሙሽራ ተቀምጠሽ።»

መቀሱን አስቀመጥኩ። ትዝ አለኝ። ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ፤ የጠመቅኩት ጠላ እንዳይበላሽ የተጨነቅኩት፣ ጠላ ደግሜ የጠመቅኩት። «ሚካኤል ዕለት» እያልኩ ስናገር ውዬ ስናገር አድሬ፣ ጽዋው ሌላ ቀን መጠጣቱን ረስቼዋለሁ። ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩና አንድ ሴንቲ ሜትር አንድ ቀን እያልኩ ቆጠርኩ። ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ ስምንት፣ አሥራ ስድስት። ጠረጴዛው ላይ የቆረጥኩት የሕፃን እጅጌም አሥራ ስድስት ሴንቲ ሜትር ነበር።

እትዬ በላይነሽ ሲሄዱ በሩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። አሁን የማወራውን ለታደሰም የነገርኩት ከዓመት በኋላ ነው። የመጣልኝ ሐሳብ «ሮጠሽ ንገሪ» የሚል አልነበረም፤ «ዝም በይ» የሚል ነው። ማን ያውቃል? ካርዱ ላይ አሥራ ሁለት ተብሎ ተጽፏል። ሐምሌ ስምንት ሦስት ቀን ቀርቶታል። ከተናገርኩ ዶክተሩ ቀኑን ይገፋዋል፤ ልጁ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲፋፋ ይከርማል፤ አሁንም ትልቅ የተባለ ልጅ! ያ ትከሻ ያኔ እንዴት ነው የሚወጣው? ዝም ካልኩ ግን ትንሽ ሆኖ ይወጣል። እጁ ይተርፋል። እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አልኩ። ሰው ሲያናግረኝ አልሰማም፤ የደንበኛ ሱሪ ገልብጬ ሰፋሁ፤ በሕይወቴ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ምሕረት ከጎኔ ተቀምጣ ሸሚዙን ስሰፋ ታያለች። ሁለቱን እጅጌዎች በግራ እጇ አንስታ አስተያየቻቸውና፣

«እማ፣ የቱን ነው የምታሳጥሪው?» አለችኝ።

ልጄ የሰው ሁሉ ልብስ አንደኛው እጅጌ የሚያጥር ይመስላታል። ስፌቱን ትቼ አቀፍኳት፤ አለቀስኩ፤ እሷ «ወጋሽ?» ትለኛለች፣ መርፌው ማለቷ ነው። መጀመሪያ ላይ ፍርሃቴ ብሶ ነበር፤ በቃ ዝም ልበል አልኩ። ቀጥሎ ግን የዚያች የሁምቦዋ ልጅ እግር መጣችብኝ፤ በር ስንጥቅ ላይ ቆማ ትንፋሽ የምትቆጥረው። እጁ የማይነሳ ልጅ አሳድጌ አይቻለሁ። ይኸው አጠገቤ ናት፤ ትስቃለች፣ ትጽፋለች፣ ታናድደኛለች። ትንፋሽ የሌለው ልጅ ግን አያድግም። ይህን ለራሴ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ከዚያ ነጠላዬን አንስቼ ባጃጅ ጠራሁ። ነጂው ሆዴን አይቶ ጉድጓዱን ሁሉ እንደ እንቁላል ሻጭ እየዞረ አደረሰኝ።

ዶክተሩ ሊወጣ ሲል ደረስኩበት። ለወጣት ወንድ፣ ቆሞ፣ ስለ ወር አበባ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያሳፍር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቀኑ አሥራ ሁለት አይደለም፣ ሃያ ስምንት ነው» አልኩት። መነጽሩን አወለቀ።

«በሚካኤል ብለሽ ምለሽልኝ ነበር እኮ!»

«እሱ ራሱ በዚያ ወር ዘግይቶ መጣ» አልኩት። ምን እንደምናገር አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ አፈጠጠብኝ፤ ከዚያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመና ካርዴን አውጥቶ በእስክሪብቶ ሰረዘው። ልጁ መቼ መንቀሳቀስ እንደጀመረ ጠየቀኝ። ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፤ «ልክ ነው፣ ከሃያ ስምንቱ ጋር ይሄዳል» አለ። «ማሽኑም ያሳሳተን ለዚህ ነው፤ ዕድሜውን የሚገምተው በትልቅነቱ ነው። ትልቅ ስለሆነ የዕድሜውን ማነስ ሸፈነብን። ነገ ብናዋልደው ኖሮ ሥጋ ያለው፣ ሳንባው ያልደረሰ ልጅ ነበር የምንቀበለው።» ካርዱን መለሰልኝና፣ «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ብዙዎቹ አይነግሩንም» አለኝ። ሁለት ቀን ዝም ማለቴን አልነገርኩትም።

አዲሱ ቀን ነሐሴ አንድ ሆነ። በየሳምንቱ መጥቼ እንድታይ፣ ስኳሬም እንደገና እንዲለካ፣ ምጥ ከጀመረኝ አንድ ሰዓት እንዳልቆይ አዘዘኝ። የማዋለጃ ክፍሏን ሲስተር ጠርቶ አስተዋወቀኝ፤ ስለ ትከሻው ነገራት። «ኦፕራሲዮን ክፍሉም ዝግጁ ይሆናል፤ እቤት ግን እንዳትወልጂ» አለኝ።

እነዚያ ሦስት ሳምንታት ረጅም ነበሩ። ማሩን አቆምኩ፤ ሜትሩን ግን ማቆም አልቻልኩም። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሆዴን ይዤ «ቀስ በል እንጂ!» እለዋለሁ። ሌሊት ሌሊት እነቃና ሲራገጥ የትኛው እጁ እንደሆነ ለማወቅ እሞክራለሁ፤ ሞኝነት ነው። ደግ ሰውም አልጠፋም። የሆስፒታሉ ዘበኛ ወረፋ ላይ ስቆም የራሱን ወንበር ያመጣልኝ ጀመር፤ «ለሁለት ሰው ነው» ይላል።

አማቴም ተመለሱልኝ። አንድ ቀን ጎመን እየቀነጠሱ፣ ቀና ሳይሉ፣ በወላይትኛ ተናገሩ። «ያን ጊዜ አዋላጇ ሴትዮ ልትተወው ነበር። ጎትቺ ያልኳት እኔ ነኝ። ሆስፒታል ስትይ የምቆጣው ለዚህ ነው፤ ያኔ አልወሰድኩሽም» አሉኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ተሸክመው፣ ለምሕረት ቅቤ እየያዙ ይመጡ ነበር። ተነስቼ እጃቸውን ሳምኩ። «እማማ፣ ጎትቺ ባይሏት ኖሮ ምሕረት የለችም» አልኳቸው። እውነቴን ነው። ከዚያን ቀን ወዲያ የሆስፒታል ዕቃዬን የሚያሰናዱት እሳቸው ሆኑ።

ሐምሌ ሠላሳ ሆስፒታል ተኛሁ። በማግስቱ ጠዋት ምጥ የሚያመጣውን መድኃኒት ከግሉኮስ ጋር ሰቀሉልኝ፤ ጠብ ጠብ ይላል። እስከ ረፋድ ድረስ «ይሄ ነው እንዴ? ቀላል ነው!» እያልኩ እቀልድ ነበር። ከቀትር በኋላ ቀልዴን ሁሉ ረሳሁት። ወደ አመሻሹ ጭንቅላቱ ወጣ። ከዚያ ሲስተሯ ዝም አለች። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ በዴሳ ሰምቼዋለሁ።

«ተያዘ?» አልኳት።

«ተይዟል። አትግፊ። እኔ ስልሽ ብቻ!» አለችና ሰው ጠራች። አንድ ሰው ጎደለ፤ በሩ ላይ የቆሙትን አማቴን «እማማ፣ ይግቡ፣ ይህቺን እግር ይያዙ!» አለቻቸው። ሁለት ጉልበቶቼን አጥፈው እስከ ሆዴ ድረስ ገፏቸው፤ ተጠርታ የመጣችው ነርስ ከእምብርቴ በታች በመዳፏ ተጫነች። ማንም አልጎተተም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ማንም ልጄን አልጎተተም። አማቴ እግሬን እንደያዙ በሹክሹክታ ይጸልያሉ። «አሁን!» አለች ሲስተሯ። ገፋሁ።

ወጣ። ወዲያው አለቀሰ፤ እንደ ጎልማሳ በወፍራም ድምፅ። ሲስተሯ አንስታ ሆዴ ላይ ልታስቀምጠው ዝቅ ስታደርገው ደነገጠና እጆቹን ወረወረ፤ ወደ ላይ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ፣ ግራም ቀኝም።

«ሁለቱም! እማማ፣ ሁለቱም!» ብዬ ጮህኩ።

«ጦሳይ ጋላተቶ!» አሉ አማቴ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ማለታቸው ነው። እግሬን መልቀቅ ረስተውት ነበር። ሚዛን ላይ ሲወጣ አራት ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም። ስኳሩን ለኩት፣ ደረቱን አዳመጡት፤ ትንፋሹ እንደ ወናፍ ነው። ዶክተሩ ኋላ መጥቶ የልጁን እጆች አንድ በአንድ አንስቶ አየና፣ «በሚካኤል ደህና ነው» አለኝ። ስሙም በዚያው ሚካኤል ሆነ፤ ሌላ ስም ማን ያወጣለታል?

እኔ ለመዳን ጊዜ ወሰደብኝ፤ ተሰፍቻለሁ። ሰፊ ሲሰፋ እንዴት እንደሚያም አሁን ገባኝ፤ የስፌት መኪናዬን ለመርገጥ ሁለት ወር ገደማ ፈጀብኝ። ቀኑ ፍልሰታ የገባበት ነበር፤ ቤቱ ሁሉ ሲጾም አማቴ ለእኔ ለአራሷ ብቻ ሙቹዋ ይሠራሉ። ታደሰ ሽታው እየገደለው ጣሪያ ላይ ወጣ። ከመንታ ግዥው የተረፈው ሁለተኛው ባርኔጣም ጥቅም አላጣም፤ የመጀመሪያው በሳምንቱ ጠበበው፤ ያኛው ሰፋ ያለ ነበር። ያ የሰፋሁለት ሸሚዝ ከነጭራሹ አልገባውም፤ አሁንም ሳጥኔ ውስጥ አለ።

ከዚያ ወዲህ ሱቄ ውስጥ የቀን መቁጠሪያ ሰቅያለሁ። ነፍሰ ጡር ደንበኛ ስትመጣ ወገቧን ከመለካቴ በፊት ቀኗን እጠይቃለሁ። «ለገብርኤል፣ ለጾሙ መያዣ፣ ገበያ ዕለት» ሲሉኝ አልቀበልም። «በዓሉን ተይው፤ ቁጥሩን ንገሪኝ» እላለሁ። አንዳንዶቹ ያፍራሉ፣ አንዳንዶቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ። የወር አበባችሁ የመጣ ዕለት ጻፉት፤ ግድግዳ ላይም ቢሆን። ስሕተት ካገኛችሁም፣ የፈለጋችሁትን ነገር የሚያስቀርባችሁ ቢሆን እንኳ፣ ሄዳችሁ ተናገሩ። እኔ ሁለት ቀን ዝም ብዬ ነበር፤ ሦስተኛ ቀን አልነበረኝም።

ባለፈው ሳምንት ሚካኤልን ትምህርት ቤት ልናስገባው ዩኒፎርም ልሰፋለት ለካሁት። ምሕረት አሁን ከእኔ ትረዝማለች፤ ደብተሩን ይዛ በግራ እጇ ቁጥር የምትጽፍልኝ እሷ ናት። «ክንድህን ዘርጋ» አልኩት። ዘረጋ። ቀኙን ለካሁ፣ ነገርኳት፣ ጻፈች። ሜትሩን ወደ ግራው ሳዞር ምሕረት እስክሪብቶዋን ዘጋች።

«ጻፊ እንጂ» አልኳት።

«ምን አስቸገረኝ እማ፤ እኩል ነው» አለችኝ።

እኔ ግን ለካሁት።